በሁለት ቋንቋ አድገው በሦስተኛው የጻፉት ፎርቱና ማሽያህ

ደራሲና ገጣሚ ወይዘሮ ፎርቱና ማሽያህ ከአባታቸው ከአቶ ኒሲም ማሽያህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱልታና በሓር፣ በቡልጋርያ አገር በፕሎቭዲቭ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1936 ተወለዱ። አባታቸው አናጢ ነበሩ፤ በምኩራብም ከዘማሪዎቹ መካከል ድምፃቸው ጎልቶ ይሰማ ነበር። እናታቸው ሲስቁ ጎረቤት የሚያስቁ፣ ሲቆጡም ጎረቤት የሚያስደነግጡ ሴት ነበሩ። በቤት ውስጥ የሚነገረው ላዲኖ ነበር፤ ቅድመ አያቶቻቸው ከስፔን ሲሰደዱ ይዘውት የወጡት ቋንቋ ነው። ከበር ውጭ ያለው ሁሉ ቡልጋርኛ ነበር። ወይዘሮ ፎርቱና እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመታቸው አንድም የዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው አልወጣም። ጸሎቱን ይሰሙታል እንጂ አይገባቸውም ነበር። ይህን ማንሳታችን፣ ዛሬ መጽሐፋቸውን በየትምህርት ቤቱ የሚያነቡ ልጆች ደራሲዋ ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ስለሚመስላቸው ነው።

በማርች 1943 የፕሎቭዲቭ አይሁድ ከየቤታቸው ተወስደው በትምህርት ቤት ግቢ ተሰበሰቡ። ወደ ባቡር ሊጫኑ ነበር። ወይዘሮ ፎርቱና የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው የሦስት ዓመት ወንድማቸውን ቪታሊን እጁን ይዘውት ዋሉ። የከተማው ሰዎችና የቤተ ክርስቲያኑ አባቶች አንለቅም ብለው በመቆማቸው ሰዉ ሁሉ በዚያው ዕለት ወደየቤቱ ተመለሰ። ወይዘሮ ሱልታና በራቸውን ከፍተው ሲገቡ፣ ማለዳ ትተውት የወጡት የባቄላ ሾርባ ምድጃው ላይ እንዳለ አገኙት። ቀዝቃዛውን ሾርባ ቆመው በሉት። ስለዚያ ቀን በቤቱ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚነገረው ይህ ብቻ ነበር።

ቤተሰቡ በኖቬምበር 1948 በመርከብ ሃይፋ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ያፋ መጥቶ ዓጃሚ ሰፈር ውስጥ ሦስት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት ካለው ቤት አንዱ ክፍል ተሰጠው። በቀሩት ሁለት ክፍሎች ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ በከተማው የቀሩ አንድ ዓረብ ቤተሰብ ይኖሩ ነበር። አባወራው አቡ ጃሚል ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ባለቤታቸው ኡም ጃሚል ይባላሉ፤ ሱዓድ የምትባለው ልጃቸው የወይዘሮ ፎርቱና እኩያ ነበረች።

ወጥ ቤቱ የጋራ ነበር። ሁለት የላምባ ምድጃ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መስኮት። ሁለቱ እናቶች አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች በመሃል ቆመው ያስተረጉሙ ነበር። ሱዓድ ላዲኖውን፣ ፎርቱና ዓረብኛውን ለመልቀም ጊዜ አልወሰደባቸውም።

ኡም ጃሚል በማሰሮው ላይ አጎንብሰው፣ «ይቺ ሴትዮ ጨው የምትጨምረው በአካፋ ነው እንዴ?» ይላሉ።

ወይዘሮ ሱልታና ወዲያው፣ «ምን አለችኝ?» ብለው ይጠይቃሉ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ሽታው ከመንገድ ይጠራል አለች፣ እማማ።»

«አይ፣ እሷም ደግ ሴት ናት። ሽንኩርቱን ግን ሁልጊዜ እንደምታሳርረው ንገሪያት።»

«እናቴ ሽንኩርት አጠባበስሽን አስተምሪኝ ትላለች» ትላለች ፎርቱና በዓረብኛ፤ ሱዓድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በሳቅ ትፈነዳለች።

ሁለቱ ሴቶች በዚህ ዓይነት ሳይጣሉ ኖሩ። ኡም ጃሚል ሽንኩርት አጠባበስ ለማስተማር በምር ተነሡ፤ ወይዘሮ ሱልታናም ሳይወዱ ተማሩት። ወይዘሮ ፎርቱና በኋላ አንድ ጋዜጠኛ መጻፍ መቼ እንደጀመሩ ሲጠይቃቸው፣ «ያኔ ነዋ፣ በሁለት ምድጃ መካከል። እንደዚያ ጥሩ ድርሰት ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም» ብለዋል።

በትምህርት ቤት የመጀመሪያው ቀን መምህርቷ ስማቸውን አልወደዱትም። «ፎርቱና የሚሉት ስም እዚህ የለም። ትርጉሙ ዕድል አይደል? ከዛሬ ጀምሮ ማዛል ነሽ፤ ያው ዕድል ማለት ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ፎርቱና በቡልጋርኛ የመለሱትን አጠገባቸው የተቀመጠ ልጅ እየፈራ ተረጎመው፦ «ማዛልን ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ፣ መምህርት። እኔ የራሴ አለኝ።» ማዕዘን ላይ ቆመው እንዲውሉ ተደረገ። ስማቸው ግን ቀረላቸው።

ዕብራይስጥ በጋዜጣ ሲጻፍ አናባቢ የለውም። አቶ ኒሲም አንድ ቀን ጋዜጣውን አገላብጠው አይተው፣ «ይሄ ምን ዓይነት ጽሕፈት ነው? ሥጋውን በልተው አጥንቱን ነው የሰጡን» አሉ።

«ሥጋውን አንባቢው ራሱ ነው የሚያመጣው አሉን፣ አባባ።»

«እንግዲያው አንቺ አምጪው። እኔ ጥርስ የለኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋዜጣውን ለአባታቸው በላዲኖ እየመለሱ ማንበብ የወይዘሮ ፎርቱና ሥራ ሆነ። ያላወቁትን ቃል ከራሳቸው ይጨምሩበት ነበር። አቶ ኒሲም ለረጅም ጊዜ የአገሩን ፖለቲካ ከጎረቤቶቻቸው ለየት ባለ መንገድ ይረዱት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1950 ክረምት የሆነውን ነገር ባንጽፈው ይቀለን ነበር። ወይዘሮ ፎርቱና ጽፈውታልና እኛም አንዘለውም። አቡ ጃሚል ራምሌ ከተማ ያለ ዘመዳቸው ሞቶ ቤተሰባቸውን ይዘው ለቅሶ ሄዱ። ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር፤ የኛ ክፍል ጣራ ያፈሳል፤ ቪታሊ ደረቱን ታሞ ሲያስል ይውላል። አቶ ኒሲም ከአቡ ጃሚል ሁለት ክፍሎች አንዱ የነበረውን መካከለኛውን ክፍል ከፈቱና የልጆቹን ፍራሽ ወደዚያ ወሰዱ። ከዚያም ራሳቸው የሠሩትን ቁም ሳጥን ገፍተው ክፍሉ ወደ አቡ ጃሚል በኩል የሚከፈትበትን በር ዘጉበት።

ወይዘሮ ሱልታና ከወጥ ቤት እጃቸውን ሳይጠርጉ መጡ። «ኒሲም! ምን እያደረግህ ነው?»

«ልጁ ይተንፍስበት።»

«እነሱስ ልጆች የላቸውም?»

አቡ ጃሚል ከለቅሶ ሲመለሱ በሩን ገፉት፤ አልከፈት አለ። ደግመው አልገፉትም። ወደ ባለ ሥልጣንም አልሄዱም፤ በዚያ ጊዜ ማን ይሰማቸዋል? በሚቀጥለው የጸደይ ወር ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ራምሌ ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። ኡም ጃሚል ሲወጡ ምድጃቸውን ለወይዘሮ ሱልታና ትተውላቸው ሄዱ። ወይዘሮ ሱልታና ግን አንድም ቀን አልለኮሱትም። ሱዓድና ፎርቱና ተቃቅፈው አልተላቀሱም፤ ሱዓድ ጋሪው ላይ ተቀምጣ ፊቷን አዞረች። ወይዘሮ ፎርቱናን ለዕድሜ ልካቸው ያጻፋቸው ያ የዞረ ፊት ይመስለናል።

ወይዘሮ ፎርቱና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በያፋ ጨርሰው የውትድርና አገልግሎታቸውን ከ1954 እስከ 1956 ፈጸሙ። ከዚያም በመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው በ1958 አዲስ ለሚመጡ ስደተኞች ዕብራይስጥ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በዚህ ሥራ እስከ 1991 ቆይተዋል። ከሞሮኮ፣ ከሩማንያ፣ ከሶቭየት ኅብረት የመጡ አዋቂዎችን አስተምረዋል። ሲያርሙ ርኅራኄ አያውቁም ነበር። ተማሪዎቻቸው «ወይዘሮ ስህተት» ይሏቸው እንደነበር ያውቃሉ፤ ደስም ይላቸው ነበር።

ከባለቤታቸው ከአቶ ሞሪስ ኤሽኬናዚ ጋር የተዋወቁት በሲኒማ ቤት ነው። አቶ ሞሪስ ፊልም የሚያሳዩ ባለሙያ ነበሩ። በዚያን ዘመን ትርጉሙ በሌላ ጥቅል ላይ ተጽፎ ከፊልሙ ጎን በእጅ እየተዘወረ ነበር የሚታየው። አንድ ከሰዓት በኋላ ትርጉሙ ከፊልሙ ወደ ኋላ ቀረ። በመጋረጃው ላይ ሰውየው ሲሞት ጎኑ ላይ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ተነበበ። ወይዘሮ ፎርቱና ከመካከል ተነሥተው፣ «ሰውዬው ሞቷል እኮ! ትርጉሙ የት ደርሶ ነው?» ብለው ጮኹ።

ከላይ ከአቶ ሞሪስ ክፍል መስኮት ድምፅ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ የምትችይ ከሆነ ነይና ራስሽ ዘውሪው!»

ወጥተው ዘወሩት። ፊልሙ እስኪያልቅ አንድም ቃል አላሳለፉም። በ1959 ተጋቡ። በ1961 ሴት ልጃቸው አቪቫ፣ በ1964 ወንድ ልጃቸው ጊዲዮን ተወለዱ። አቶ ሞሪስ ደራሲ ባለቤታቸውን በአርባ ዓመት ትዳራቸው ሁሉ «ዘዋሪዋ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፋቸው «የጨው መስኮት» በ1965 ታተመ። አሳታሚው ስማቸውን ለዕብራይስጥ ጆሮ እንዲቀይሩት ጠይቋቸው እምቢ አሉ። ወይዘሮ ሱልታና መጽሐፉን ተቀብለው ሽፋኑን በእጃቸው ዳበሱና፣ «አምሮብሻል። ምን ይላል?» አሉ። ልጃቸው በላዲኖ እየመለሱ አነበቡላቸው። እናትየው እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የምታውቂ ከሆነ እንዴት ነው እኔ ስጠይቅሽ ዝም የምትይው?» አሏቸው።

«ሁለት ምድጃ» የተሰኘው ልብ ወለዳቸው በ1974 ወጣ። አሳታሚው መካከለኛው ክፍል ያለበትን ምዕራፍ እንዲያወጡት፣ ካልሆነም እንዲያለዝቡት ለምኗቸው ነበር። ጊዜው ከጦርነት ማግስት ነው፤ ሰው ይህን መስማት አይፈልግም አላቸው። ወይዘሮ ፎርቱና ረቂቁን ይዘው ወጡ፤ ሁለት አሳታሚዎች ደግሞ መለሱባቸው። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ሳትነካካ አተመችው። አቶ ኒሲም ወሬውን የሰሙት ቡልጋሮች ከሚሰበሰቡበት ቡና ቤት ነው። የጠጠር ጨዋታ አብሯቸው የሚጫወት ጓደኛቸው ጨዋታውን አቋርጦ፣ «ኒሲም፣ ልጅህ ቁም ሳጥንህን ለአገር ሁሉ አሳየችልህ!» አላቸው። ቡና ቤቱ ሳቀ።

በዚያው ዕለት ልጃቸው ቤት መጥተው በር ላይ ቆሙ። አልገባም አሉ።

«አንቺ ደራሲ ነሽ። እኔ ደግሞ የደራሲ ማገዶ ነኝ። ደህና ሞቂበት።»

«አባባ፣ ይግቡና እንነጋገር።»

«ከአሁን ወዲያ የምትጽፊው ሰው እንጂ የምታነጋግሪው አባት የለሽም።»

ከሁለት ዓመት በላይ አላነጋገሯቸውም። በበዓል ገበታ አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቃል የለም። ወይዘሮ ሱልታና በመካከል ተቀምጠው መልእክት ያመላልሱ ነበር። «አባትሽ ቦሬካው ጥሩ ነው ይላል። ላንቺ አይደለም የተናገረው፣ እኔ ነኝ የሰማሁት።» ወይዘሮ ፎርቱና ሰው ፊት ቀልደው ያልፉታል። ለታናሽ ወንድማቸው ለቪታሊ ግን፣ «መጽሐፉ እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን አባቴን አይመልስልኝም» ብለው እንደ ልጅ አልቅሰዋል። በዚያ ሁለት ዓመት አንድ መስመር አልጻፉም።

በ1976 በጸደይ ወራት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አቶ ኒሲም ሳይጠሩ መጡ። መጽሐፉን በብብታቸው ይዘውታል።

«አንብቢልኝ» አሉ። «እኔ የማውቀው ሰው የነገረኝን ነው። አንቺ የጻፍሽውን አላውቅም።»

ተቀመጡ። ወይዘሮ ፎርቱና እንደ ድሮው ጋዜጣ ወደ ላዲኖ እየመለሱ ያንን ምዕራፍ አነበቡ። በዚህ ጊዜ ከራሳቸው ምንም አልጨመሩም። በመጽሐፉ ውስጥ አባትየው ከባድ የዋልነት እንጨት ቁም ሳጥን እያቃሰተ፣ ላብ እያጠመቀው ይገፋል። አቶ ኒሲም እዚያ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል።»

«የቱ ላይ፣ አባባ?»

«ከባድ አልነበረም። ከብርቱካን ሳጥን ጣውላ ነው የሠራሁት፤ ረሳሽው? በአንድ እጄ ነው የገፋሁት። ቀላል ነበር፣ ፎርቱ። እንደዚያ ቀላል ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።» ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «በትምህርት ቤቱ ግቢ ሻንጣ ላይ ተቀምጠን ሳለ የማስበው አንድ ነገር ነበር። አሁን ማን ገብቶ ይሆን ቤቴ እል ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው የገፋሁት። አርሚው።»

በሁለተኛው እትም ታርሟል። ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚያነቡት ያ የታረመው ገጽ ነው፤ ቁም ሳጥኑም ቀላል ነው።

በዚያው ሳምንት አባትና ልጅ በአውቶቡስ ራምሌ ሄዱ። ቪታሊም አብሯቸው ነበር። ቤቱን ጠያይቀው አገኙት። በር የከፈተችው ሱዓድ ናት፤ የሦስት ልጆች እናት ሆናለች። ወይዘሮ ፎርቱናን አየቻቸውና በላዲኖ፣ በዚያ በወጥ ቤቱ ላዲኖ፣ «ጨው በአካፋ የምትጨምረው ሴትዮ ደህና ናት?» አለች። ሁለቱም በሳቅና በእንባ በሩ ላይ መተላለፊያ ዘግተው ቆሙ፤ አቶ ኒሲም ከኋላ ሆነው መግባት አቃታቸው።

አቡ ጃሚል አርጅተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አቶ ኒሲም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ክፍሉን ልመልስልህ አልችልም» አሉ በሚችሉት ዓረብኛ። «ዛሬ የኔም አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልበልህ?»

አቡ ጃሚል ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። «ዛሬ በሬን አንኳኩተህ ገባህ። ያኔ አላንኳኳህም። ተቀመጥ፤ ፀሐዩ ለሁለት ይበቃል።»

ይቅር ብያለሁ አላሉም። አቶ ኒሲምም አልጠየቁም። ግን ከዚያ በኋላ በየበዓሉ አንዱ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር፤ አቶ ኒሲም በ1979 ሲያርፉም አቡ ጃሚል በበትር ተደግፈው ቀብር ላይ ቆመዋል። ወይዘሮ ሱልታና በ1988 አረፉ።

ወይዘሮ ፎርቱና ከዚያ በኋላ ሦስት ልብ ወለዶችና አራት የግጥም መጻሕፍት አሳትመዋል። ሽልማትም አግኝተዋል፤ የት እንዳስቀመጡት ግን ልጆቻቸው እስካሁን እየፈለጉ ነው። በ1999 አቶ ሞሪስ ሲያርፉ ብዙ አዝነው፣ ለአንድ ዓመት ሲኒማ ቤት ሳይገቡ ኖረዋል።

በኦክቶበር 2007 በሰባ አንድ ዓመታቸው ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ደከመ። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሲነቁ ለሐኪሙ በላዲኖ መለሱለት፤ ነርሷን በቡልጋርኛ ውኃ ለመኗት። ዕብራይስጥ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። ልጃቸው አቪቫ አልጋው ላይ አጎንብሳ፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አቪቫ» ስትላቸው ፊቷን በፍቅር እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የምትለው አልገባቸውም። የራሳቸውን መጽሐፍ ሰጧቸው፤ እንደ ባዕድ ዕቃ አገላብጠው መለሱት።

ቪታሊ ተጠርቶ መጣ፤ ለእኅቱና ለልጆቻቸው አስተርጓሚ ሆነ።

«እትዬ፣ ሲያወሩ ምን ይሰማሻል?» አላቸው በላዲኖ።

«ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ። ዝናብ መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ ምንም የለም።» ከዚያም እጁን ይዘው፣ «ቪታሊ፣ ሁሉ ነገር መጽሐፎቼ ውስጥ ተቆልፎብኝ ቀረ። እኔ ውጭ ነኝ» አሉት።

ሐኪሞቹ በእርሳቸው ዕድሜ ብዙ እንዳንጠብቅ ነገሩን። እውነት ለመናገር ቤተሰቡ አመነ። ያላመነችው ኢሪና የምትባል የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነበረች። ኢሪና ራሷ ከሩስያ ትልቅ ሰው ሆና የመጣች ናት፤ ዕብራይስጧም እንደዚያው ነው። በየቀኑ እየመጣች ጽዋ፣ ቁልፍ፣ ማበጠሪያ ታሳያቸዋለች። «ይህ ምንድን ነው፣ ወይዘሮ ፎርቱና?» ወይዘሮ ፎርቱና ስሙን በላዲኖና በቡልጋርኛ ይሰጧታል፤ አንዳንዴም በላዲኖ ይረግሟታል። ቪታሊ እርግማኑን «አመሰግናለሁ ትላለች» ብሎ ይተረጉም ነበር። ይህን ጥበብ ከማን እንደተማረው ታውቃላችሁ።

ክረምቱ አለፈ፤ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ኢሪና ማንኪያዎች ጠረጴዛው ላይ እየደረደረች ቆጠረች። በዕብራይስጥ ማንኪያ የሚቆጠረው በሴት ፆታ ነው፤ ኢሪና ግን በወንድ ፆታ፣ «አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ» አለች።

«ስህተት!» አሉ ወይዘሮ ፎርቱና።

በዕብራይስጥ ነው ያሉት። ጥርት አድርገው፣ በዚያ ሠላሳ ሦስት ዓመት በክፍል ውስጥ ባስተጋባ ድምፅ። ኢሪና ማንኪያዎቹን ለቀቀቻቸው። «ምን አሉ? ይድገሙት!» ወይዘሮ ፎርቱና ግን ራሳቸው ደንግጠው አፋቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ነበር። ኢሪና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆን ብላ መሳሳት ጀመረች። ሲያርሟት ቃሉ ይመለሳል። ቪታሊ አንድ ቀን፣ «ስህተትሽ የት ድረስ የታሰበበት ነው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «ግማሹ» ብላ ሳቀች። «የቱ ግማሽ እንደሆነ ለእርሳቸው አትንገርብኝ።»

ቃላቱ ግን እንደ ድሮው እየጎረፉ አልመጡም። እንደ ልጅ አንድ በአንድ ተማሩ፤ ከአንደኛ ክፍል መጽሐፍ በግራ እጃቸው ገለበጡ። ሱዓድ ከራምሌ እየመጣች አብራቸው ትቀመጥ ነበር። ያንን ረጅምና የተዋበ ዓረፍተ ነገራቸውን ዳግመኛ መጻፍ አልቻሉም። አንድ ቀን አቪቫ ይህን አንሥታ ስታዝን፣ «ተይው ልጄ። እሱን በደንብ ጽፌዋለሁ፣ አልቋል። አሁን ደግሞ በዚህ እንይ» አሏት። በ2012 «ትናንሽ ቃላት» የተሰኘው የግጥም መጽሐፍ ወጣ፤ ከገጽ ግማሽ የሚረዝም ግጥም የለበትም። ብዙ አንባቢ ከጻፉት ሁሉ እርሱን ይወዳል። በምርቃቱ ቀን አንድ ወጣት ገጣሚ እንዲህ አጭር የመጻፍ ምስጢሩን ቢጠይቃቸው፣ «የቀረውን ረስቼው ነው» ብለው አዳራሹን አሳቁት።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ልባቸው ደከመ። ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው ከኔፓል የመጣችው ወይዘሪት ሱሽሚታ ታስታምማቸው ጀመር። ብዙ ሳይቆይ ማን ማንን እንደሚንከባከብ ለመለየት ያስቸግር ነበር፤ ወይዘሮ ፎርቱና ፊደል ሊያስቆጥሯት ተነሥተው ነበርና። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ስሙን በትክክል መጻፍ ግዴታ ነው። ጊዲዮን አንድ ዓርብ ሲመጣ እናቱ ትራስ ተደግፈው፣ ሱሽሚታ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አገኛቸው። «እማዬ፣ እረፊ እንጂ» ሲላቸው፣ «አሁን ደግሞ ለምን ታቋርጠናለህ? ልክ ወደ ግሡ ደርሰናል» አሉት።

ወይዘሮ ፎርቱና ማሽያህ ሜይ 14 ቀን 2019 ማለዳ፣ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ በያፋ በሚገኘው ቤታቸው ልጆቻቸው ባሉበት አረፉ። በማግስቱ በሆሎን መቃብር ከአቶ ሞሪስ ጎን ተቀብረዋል። ዛሬ በሠላሳኛው ቀን መታሰቢያ፣ ይህ ጽሑፍ ተነብቦ ሲያበቃ ወይዘሪት ሱሽሚታ ከ«ትናንሽ ቃላት» አንድ ግጥም በዕብራይስጥ ታነባለች። ግጥሙን ራሷ መርጣለች። እንዲህ ይላል፦

ይህ ጽዋ ነው።
ይህ ውኃ ነው።
ይህ ጥም ነው።
ሦስቱን ዛሬ አወቅሁ።
ሌላውን ነገ እማራለሁ።

ወይዘሮ ፎርቱና የአንድ ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአምስት ልጆች አያት፣ የአንዲት ሕፃን ቅድመ አያት ነበሩ። ሕፃኗ ከሁለት ወር በፊት ስትወለድ በእቅፋቸው አድርገው ስሟን ከጠሯት በኋላ በሦስቱም ቋንቋ መርቀዋታል። ልጆቻቸው አቪቫና ጊዲዮን፣ የልጅነት ጓደኛቸው ሱዓድ፣ ተማሪዎቻቸውና አንባቢዎቻቸው፣ ይህን ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ቪታሊም ዛሬ እዚህ ቆመናል።

በስማቸው ሳይሆን እንደ ቤታችን ልጥራቸውና ላብቃ። ፎርቱ፣ እኅቴ፣ በዚያ ግቢ ሻንጣ ላይ ተቀምጠን እጄን እንደያዝሽው፣ የዓለም ጌታ ደግሞ እጅሽን ይያዝ። ነፍስሽን ከሕያዋን ነፍሳት ጋር በአንድ ክር ይሰፋት። በምድርም ላይ ስምሽን ማንም አይለውጠው። አሜን።